ጓሳን መዝጋት፣ ጓሳን መክፈት

ችግኝ ጭነን ነበር የሄድነው። አሥራ አንድ ጓደኛሞች ነን። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሚኒባሱ የኪራይ፣ ችግኙ በልመና የተገኘ። ክረምት ሲገባ አገሩ ሁሉ ይተክል የለ? እኛም «ከከተማ ወጣ ብለን አንድ ቁም ነገር እንሥራ» ተባባልንና በሌሊት ተነሣን። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሳችንን በልተን፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ በጭቃና በጉም እየተደናበርን መንዝ ገባን። ጓሳ ስንደርስ የተቀበለን በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ነው።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ብቅ አሉ። ከትከሻቸው እስከ ባታቸው ሣር ለብሰዋል። ጌሳ ነው። በአንድ እጃቸው ዱላ ይዘዋል፤ ከጓሳ ጠባቂዎች አንዱ ነበሩ። እንደ አገሩ ደንብ የእኛን፣ የቤተሰባችንን፣ የመንገዱን ደኅንነት በየተራ ከጠየቁ በኋላ ዐይናቸው የመኪናው ጣሪያ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ችግኝ ነው ጋሼ።»

«የት ልትተክሉት?»

ከመካከላችን አንዱ ክንዱን ዘርግቶ ሜዳውን በሙሉ አሳያቸው። ሰውየው ክንዱ ያመለከተውን በዐይናቸው ተከትለው ሄደው ተመለሱና፣ «እዚህማ ሣር አለበት» አሉ።

ሳቅ መጣብን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ለእኛ ዛፍ የሌለበት ሁሉ ባዶ መሬት ነው። ለመንዝ ሰው ያ ሜዳ ሙሉ ነው፤ ያውም አያት ቅድመ አያቱ በተራ ሲጠብቁት የኖሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስጠይቅ፣ ሳነብና ስመላለስ ያወቅኩትን ጓሳንና ጠባቂዎቹን እነሆ ላስተዋውቃችሁ።

ሣሩና ቦታው

«ጓሳ» የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። የበጋ ማለዳ አመዳይ ያለብሰዋል፣ የክረምት ቀን ጉም። በስተ ምሥራቅ መሬቱ ገደል ሆኖ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በገደሉ ጫፍ የቆመ ሰው፣ ጉሙ ከገለጠለት፣ ከእግሩ በታች ቆላው ወደ አፋር ሲዘረጋ ያያል። ጓሳ የውኃ ጋንም ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ከጀማ ጋር ዓባይ ይገባል፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነው። እንደ ሰርዶ መሬት ላይ አይንፏቀቅም፤ እቅፍ እቅፍ እየሆነ ይቆማል። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ያሰርገዋል፤ ታች ያለው ምንጭ በበጋ የሚበረታው ላይ ያለው ሣር እስካለ ነው። ከሣሩ መሐል አልፎ አልፎ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጅብራ ነው። ከዚያ ሌላ ለዛፍ የሚሆን ቦታ አይደለም። ባሕር ዛፍ ቢተከልበትና ቢጸድቅ እንኳ ውኃውን ጠጥቶ፣ ሣሩን በጥላው አሳስቶ፣ ሣሩ ውስጥ የሚኖሩትን አይጦች ቤት ያፈርስባቸዋል። አይጦቹ ደግሞ፣ ኋላ እንደምንመጣበት፣ የዋዛ ነዋሪዎች አይደሉም።

ለመንዝ ገበሬ ጓሳ ሣር ሦስት ነገር ነው ማለት ይቻላል፦ ጣሪያ፣ ገመድና ጌሳ። ጣሪያውና ገመዱ ለማንም ግልጽ ነው። ጌሳን ግን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ሣሩ እንደ ቤት ክዳን በደርብ በደርብ ይታሰራል፤ የላይኛው ደርብ የታችኛውን አናት እየሸፈነ ይወርዳል። ዝናብ ሲመታው ውኃው ከሰበዝ ወደ ሰበዝ እየተንሸራተተ ከባት በታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሰውየው ደጅ የሚወጡት ጣሪያቸውን ተከናንበው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያን ቀን እኛ በፕላስቲክ ካፖርት ውስጥ ከላይ በዝናብ ከውስጥ በላብ ርሰን ስንንቀጠቀጥ፣ እሳቸው ዱላቸውን ተመርኩዘው ያለ ችኮላ ያወሩን ነበር።

ቀሮ

መንዝ ሦስት ነው፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። የጓሳ ታሪክ የሚጀምረው አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነው። አገሩን በፈረስ ግልቢያ ድንበር እንደተካፈሉ በአፈ ታሪክ ይተረካል። ዘመኑ 17ኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል። ጓሳ ለሁለቱ አባቶች ልጅ ልጆች የጋራ አጽመ ርስት ሆነ፤ ከእነሱ እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ሣሩን ያጭዳል፣ ከብቱን ያግጣል። የእርሻ ማሳ የየራስ ነው፤ ጓሳ ግን የማንም ብቻውን አይደለም። የጋራ ነገር ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ እንዳይበላ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ለዚህ የተሠራው ሥርዓት ቀሮ ይባላል።

ቀሮ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፤ የአስቦ ወገንና የጌራ ወገን። እያንዳንዱ ወገን ባለመብቱ ሁሉ በተሰበሰበበት አንድ አለቃ ይመርጣል፤ እሱም አባ ቀራ ይባላል። ከአባ ቀራ ሥር ሕዝቡ በየአጥቢያው ይደራጃል። የቤት አባወራ የሆነ፣ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ጓሳን ይዞራል፤ ተራውን የቀረ ይቀጣል፣ በተዘጋው ሣር ውስጥ ማጭድ ወይም ከብት ይዞ የተገኘም ይቀጣል። ደመወዝ የለም፤ ደንብ ልብስም የለም። ጠባቂው ነገ ባለ ማጭድ ነው፤ ዛሬ የሚያባርረው ሰውም ነገ በተራው እሱን የሚያባርር ጠባቂ ነው።

ጓሳ ሲዘጋ በዋዛ አይደለም። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም አይነካውም። ስንት ዓመት እንደሚዘጋ የሚወስነው የሣሩ ዕድገትና የሕዝቡ ችግር ነው። አባ ቀራዎቹ ሣሩ ደረሰ ብለው ሲያምኑ የመክፈቻውን ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቦታ፣ ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ ያስነግራሉ። ቀኑ ብዙ ጊዜ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይውላል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ወቅት የጓሮው ድርቆሽ አልቋል፤ እርሻ ገና ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ደግሞ ከክረምቱ በፊት መከደን አለበት።

ቅደም ተከተሉም ታስቦበታል። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል። ከብት ቀድሞ ቢገባ ሣሩን ረግጦ ስለሚሰባብረው ለክዳንም ለገመድም አይሆንም። አጨዳው ሲያበቃ ከብቱና በጉ ይለቀቃል። ዝናቡ ሲጀምር፣ መሬቱ ሲረጥብ፣ የከብት ኮቴ ሥሩን የሚነቅልበት ጊዜ ሲመጣ፣ ሁሉም ይወጣል። የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 5 ነው፤ ጾመ ሐዋርያት የሚፈታበት ዕለት። ማንበብ የማይችል እረኛ እንኳ ይህን ቀን አይስተውም፤ ጾም ሲፈታ ጓሳ ይዘጋል። የእኛ ሚኒባስ የደረሰው ከዚያ ቀን በኋላ ነበር። ልንጠብቀው መጥተን በተዘጋ ደጅ ልንገባ ነበር ማለት ነው።

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስናወራ ብዙ ጊዜ አጥር ነው የሚታየን፤ አጥረህ፣ ሰው አስወጥተህ፣ ዘበኛ አቁመህ። ቀሮም ዘግቷል፤ ያውም ለዓመታት። ሰው ያን ያህል ዓመት የታገሠው ግን መክፈቻ እንዳለው ስለሚያውቅ ይመስለኛል። በውርጭ ሲዞር የሚያድረው ጠባቂ ለሩቅ ነገር አልነበረም የሚደክመው፤ ለራሱ ጣሪያ ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራ ከራስ ጥቅም በራቀ ቁጥር የተቀደሰ የሚመስለን ካለን፣ የመንዝ አባቶች ስሌት ሌላ ነው። የሚጠቀም ሰው ይጠብቃል፣ የሚጠብቅ ሰውም ይጠቀማል።

1967

ይህን ሁሉ ስናገር ቀሮን መልአክ ላደርገው አይደለም። መብቱ የዘር ነበር። ከአቅኚ አባቶቹ ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ሰው፣ ደጁ ጓሳ ሥር ቢሆንም እንኳ፣ ሣሩን ከሩቅ ነበር የሚያየው። ተረኛ ጠባቂዎቹም ሆኑ አባ ቀራዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ በማገዶና በውኃ ምክንያት ከማንም በላይ ተራራውን የምታውቀው ሴት በስብሰባው ላይ ቃል አልነበራትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ርስት ሲቀር አጽመ ርስት ቀረ፤ አጽመ ርስት ሲቀር የቀሮ መሠረት ተናደ። ትናንት በዘሩ ምክንያት የተከለከለው ሰው መብቱን ጠየቀ፤ እውነት ነበረው። ችግሩ በሩ ሲከፈት መዝጊያውም አብሮ መነቀሉ ነው። አባ ቀራ ሥልጣኑን ሲያጣ ማን ዘግቶ ማን እንደሚከፍት የሚያውቅ አልነበረም። «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባ፣ ሣር እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ሞኝ ይባላል። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱ በክረምትም ገባ፤ ለማገዶ የሚሆነው ቁጥቋጦ ተመነጠረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው የማደንቀው። የመንዝ ሰው አሮጌውን ሥርዓት እንዳለ ለመመለስ አልሞከረም፤ ቢሞክርም አይሆንለትም ነበር። ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም የማይጠላውን ነገር አነሣ፦ ዕድርን። ዕድር ዘር አይጠይቅም፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ስም ይጠራል፣ ገንዘብ ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዕድር የተባረረ ሰው የሚገጥመውን የማያውቅ የለም፤ ለቅሶው ላይ ድንኳን የሚተክልለት አያገኝም። በዚህ አምሳል በየቀበሌው ኮሚቴ ቆመ፤ ጥበቃው፣ ቅጣቱና የመክፈቻው ቀን እንደገና በነዋሪው እጅ ገባ። መንግሥትም የኋላ ኋላ አወቀው። በፈረንጆቹ 2012 የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸደቀ። ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ ባለቤቱም ጠባቂውም በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ነው።

ምሳውን ለብቻ፣ ድንበሩን በጋራ

ሣሩ ለሰው ተጠበቀ፤ ከሣሩ ጋር ግን ማንም ያላሰበላቸው ነዋሪዎች አብረው ተረፉ። ከእነዚህ ዋናው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ሁሉ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። አብዛኞቹ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ ጓሳ ያሉት ጥቂት መንጋዎች ናቸው። የዚህ ቀበሮ ቀለብ አይጥ ነው። አይጥ ያለ ሣር አይኖርም፤ ቀበሮው ያለ አይጥ አይኖርም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ሣር ለገበሬው የቤት ክዳን፣ ለቀበሮው የምሳ ጎተራ ነው።

ቀይ ቀበሮ ምሳውን ለብቻው ያድናል፤ አይጥ ለሁለት የሚካፈሉት ሥጋ አይደለም። ሲነጋና ሲመሽ ግን መንጋው ይሰበሰባል። ጅራት እየወዘወዙ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እየተሳሳሙ ሰላም ከተባባሉ በኋላ ተሰልፈው ግዛታቸውን ይዞራሉ፣ ድንበሩን በሽንታቸው ያድሳሉ። የምትወልደው ከመንጋው አንዷ፣ የበላይዋ ሴት ብትሆንም ቡችሎቹን የሚቀልበውና የሚጠብቀው መንጋው በሙሉ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቀሮ ነው፤ ማሳው የየራስ፣ ዘቡ የጋራ።

ሁለተኛው ነዋሪ ጭላዳ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ገላ ያለው፣ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር የሚጥለው። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ ዋና ኑሮውን በሣር ላይ አድርጎ የቀረ እሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን በገደል ያድራል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣና ቁጭ እንዳለ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል።

በታኅሣሥ አንድ ጥዋት ብቻዬን ከጠባቂው ጋር ተቀምጬ ያየሁትን አልረሳም። የጭላዳ መንጋ ቁልቁለቱን ሞልቶ ይግጣል። ከጎን አንድ ቀይ ቀበሮ መጣ። ጭላዶቹ ይሸሻሉ ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ቀበሮው ግልገሎቹ መሐል ሲደርስ እርምጃውን አዘገመ፤ አይሮጥም፣ አይጠመዘዝም፣ ዐይኑን ግልገል ላይ አይጥልም። አንዲት እናት ጭላዳ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሣሯን ነጨች። ድንገት ቀበሮው ቆመ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቀና፣ ዘለለ፤ አፉ ውስጥ አይጥ ነበረች።

በጓሳ ጭላዶችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቆጥረውታል። በ2015 በፈረንጆች ያሳተሙት ጥናት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ያህል፣ በጭላዶች መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67ቱ እንደሚሳኩለት ያሳያል። የሚጋጡት ጭላዶች አይጦቹን ከተደበቁበት ያንቀሳቅሱለት ይሆናል፤ አለበለዚያም እሱን ከአይጦቹ ዐይን ይሸፍኑት ይሆናል። ቀበሮው በበኩሉ ለአንድ ግልገል ሲል ይህን ጉርብትና አያፈርስም። ውሻ ብቅ ሲል ነገሩ ሌላ ነው፤ መንጋው በአንድ ጊዜ እየጮኸ ወደ ገደሉ ይወርዳል።

ውሻ በጓሳ ያለው ጣጣ ይህ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከሰፈር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይሻገራል። በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች፣ ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ፣ በሽታው መንጋዎችን ጠራርጎ ወስዷል። ቀበሮዎቹ ሰላም ሲባባሉ አፍ ለአፍ ስለሚገናኙ አንዱ ከታመመ ሁሉም ታመመ ማለት ነው። የሚያጸናቸው አንድነት በዚህ ጊዜ መጥፊያቸው ይሆናል።

«ልትረዱ ከሆነ፣ ቁጠሩ»

ወደዚያ ሐምሌ ልመልሳችሁ። ዶፉ አባራ። ሰውየው ችግኛችንን ከመኪና አስወርደው አገላብጠው ካዩ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ወደ ታች፣ መንደር ይውረድ። እውነትም ቦታው እዚያ ነበር። በገበሬው ጓሮ የሚበቅል ዛፍ ማገዶና ማገር ይሆናል፤ ጓሮው ዛፍ ያለው ሰው ደግሞ ለማገዶ ብሎ የጓሳን ቁጥቋጦ አይመነጥርም። እኛ ተራራው ላይ ልንሠራው ያሰብነው ጥሩ ነገር፣ አንድ ሰዓት ወደ ታች በእግር ሲኬድ ትክክለኛ ሥራ ሆነ።

«እንግዲህ እዚህ ምን እንርዳ?» ብለን ጠየቅን።

«ልትረዱ ከሆነ፣ ቁጠሩ» አሉና ከመንገዱ ዳር ካለ ጉብታ ላይ አስቀመጡን። ጉሙ ሲገለጥ ከገደሉ አፋፍ የጭላዳ መንጋ ይታይ ነበር።

አራት ቦታ ተከፍለን ቆጠርን። አንዱ ቡድን 137 አለ፣ ሌላው 160፣ ሦስተኛው 212፤ አራተኛው መሐል ላይ ስቶ ተወው። ያን ጊዜ ነው ሰውየው የሳቁት። ጭላዳ ቆሞ አይቆጠርልህም። ሲግጥ ይደባለቃል፣ ግልገል እናቱ ሆድ ሥር ይሸሸጋል፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ትቆጥረዋለህ። ዘዴው መንጋው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲሻገር መጠበቅ ነው። አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ጅብራ ምልክት ታደርጋለህ፤ በዚያ ያለፈውን ብቻ፣ አንድ ሰው እየጠራ ሌላው እየጻፈ፣ ትቆጥራለህ። ወንድ፣ ሴት፣ ግልገል ለየብቻ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንሞክር ልዩነታችን ወደ ጥቂት ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሳየው በጎ ፈቃደኛ የሚሠራው ጠቃሚ ሥራ አብዛኛው ለፎቶ አይመችም። በየጥር ወር በጎ ፈቃደኞች ሐይቅና ረግረግ ዳር ቆመው የውኃ ወፎችን ይቆጥራሉ፤ በ1966 በፈረንጆች የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዓመታት ሲያስተባብረው የኖረ ሥራ ነው። እዚያም ዘዴ አለ። አሥር ወፍ ለይተህ ትቆጥራለህ፤ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዐይንህ ትመትራለህ፤ ከዚያ ያንን ልክ በመንጋው ላይ እየደጋገምክ ታሳርፋለህ። በባሌና በሌሎች ደጋዎች ደግሞ ከ1995 በፈረንጆች ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከመንደር መንደር እየዞረ ውሾችን ይከትባል። ቀበሮን ለማዳን የገበሬን ውሻ ይዞ መርፌ መውጋት፤ ከዚህ የበለጠ ጠመዝማዛ የሚመስል፣ ከዚህም የበለጠ ቀጥተኛ መንገድ የለም።

የችኮላ ሥራ የሚያስፈልግበት ቀንም አለ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ገበሬና ወጣት ቅጠል፣ አፈርና ውኃ ይዞ ገደሉን ወጣ። ኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ውጭ ያለውም ሀበሻ እሳቱን በስልኩ እያየ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የያዙት ግን በአቅራቢያው የነበሩት ናቸው። መንገዱን፣ የነፋሱን ጊዜና የገደሉን መውረጃ የሚያውቁት እነሱ ነበሩና።

በቡድን ለሚሄድ

እንግዲህ አንባቢ ጓደኞቹን አሰባስቦ ለጓሳ ወይም ለሌላ የዱር እንስሳት ቦታ አንድ ነገር ላድርግ ቢል፣ ከእኛ ስሕተት የተማርኩትን ላካፍለው። ከመጫንህ በፊት ጠይቅ። ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር አንተ ልትሰጥ ያሰብከው ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው አታግተልትል፤ አሥር ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ እንስሳው ይለምደዋል፣ አርባ ሰው ሲንጫጫ ይሸሻል። ለጭላዳ ዳቦ አትወርውር፤ የሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ ነገ ማሳ ውስጥ ገብቶ ዱላ ይጠብቀዋል። ውሻህን አታምጣ። ማደሪያውንም መንገድ መሪውንም ከአካባቢው ሰው ያዝ፤ በጓሳ ነዋሪው ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ አለ፣ የምትከፍለው ብር የሣሩ ጥበቃ አንድ አካል ነው።

ከሁሉ በላይ ተመልሰህ ሂድ። አንድ ጊዜ የተቆጠረ ቁጥር ወሬ ነው። በያመቱ፣ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ ጉብታ ላይ ሲቆጠር ነው መንጋው ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚያሰኘው። ቀሮ የሠራው ሰዎቹ ከሌላው አገር ሰው የበለጠ ደግ ስለነበሩ አይደለም፤ ተራ ስለነበራቸው ነው። ተራህ ሲደርስ ብርድ ነው አይባልም፣ ሰርግ አለብኝ አይባልም። የእኛ ቡድን በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት አምስት ቀረን። አምስት ሰው ግን በየዓመቱ ለሚመጣ ሥራ አያንስም።

በሁለተኛው ዓመት ስንሄድ ያው ጠባቂ ተቀበሉን። ያው ጌሳ፣ ያው ዱላ። ሰላምታው ሲያልቅ ዐይናቸው እንደ ልማዱ ወደ መኪናው ጣሪያ ወጣ፤ ባዶ ነበር።

«ዘንድሮ ምን ጫናችሁ?»

አንዳችን ከብብቱ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣ።

ሰውየው አገላበጡት፤ ያለፈው ዓመት ቁጥር ተጽፎበታል፣ ቀጣዩ ገጽ ባዶ ነው። ደብተሩን መለሱለትና በዱላቸው ጉብታውን አሳዩን። «እንግዲያው ተቀመጡ፤ ሊሻገሩ ነው» አሉ።